ስድስቱ ምስክሮች፦ ለዕድሜ ጠገብ ስፖርት መኪና ካንዴላ ስለመምረጥ

የዛሬው ዝግጅታችን ስለ ካንዴላ ነው። ካንዴላ ከቤንዚን ሞተር ላይ በቀላሉ የሚፈታ፣ በቀላሉ የሚቀየር፣ ከሌላው መለዋወጫ ጋር ሲነጻጸርም ኪስ የማይጎዳ ዕቃ ስለሆነ ስለ እሱ አስተያየት የሌለው ሰው የለም። ሞተር ሲያነክስ መጀመሪያ የሚጠረጠረው እሱ ነው፤ ጉልበት ሲጠፋም እሱ፣ ነዳጅ ሲበላም እሱ። መለዋወጫ ሱቅ የገባ ሰው ብዙውን ጊዜ የሚጠይቀው ስለ ብረቱ ነው፤ ተራው ይሻላል፣ ፕላቲኒየሙ ወይስ ኢሪዲየሙ? እኔ ዛሬ የምከራከረው ይህ ጥያቄ ሁለተኛ መሆን አለበት ብዬ ነው። ዕድሜው ለገፋ ስፖርት መኪና ካንዴላ ስንመርጥ መቅደም ያለበት የሙቀት ጥያቄ ነው። ይህ ካንዴላ ከእሳቱ የተቀበለውን ሙቀት በምን ፍጥነት ያስረክባል? ይህ መልስ ካገኘ የብረቱ ነገር የምርጫና የኪስ ጉዳይ ይሆናል። መልስ ካላገኘ ግን የትኛውም ውድ ብረት አያድነንም።

ነገሩ ባዶ ወሬ እንዳይሆን አንድ መኪና እንያዝ። ዳትሰን 240 ዜድን። ኒሳን በ1969 እ.ኤ.አ. ለገበያ ያቀረበው፣ በአገሩ በጃፓን ፌርሌዲ ዜድ በሚል ስም የተሸጠ፣ አፍንጫው ረጅም፣ ሁለት ሰው የሚይዝ መኪና ነው። ሞተሩ ኤል 24 ይባላል፤ ስድስት ሲሊንደሮች በአንድ መስመር የተደረደሩበት፣ 2393 ሲሲ የሚይዝ፣ ብሎኩ ከብረት ቴስታታው ከአሉሚኒየም የተሠራ ነው። ቤንዚን የሚያገኘው ከሁለት ካርቡራተሮች ነው፤ ስህተቱን የሚያርምለት ኮምፒውተር የለውም። ይህን መኪና የመረጥኩት ውበቱን አይቼ ብቻ አይደለም፤ በጎረቤቶቻችን መንገድ ላይ ስለተፈተነም ነው። በ1971 የምሥራቅ አፍሪካ ሳፋሪ ራሊን ኤድጋር ኸርማንና ሃንስ ሹለር በዚሁ 240 ዜድ አሸንፈዋል፤ በ1973 ደግሞ ሼካር ሜህታ ደገመው። ውድድሩ ከባሕር ጠረፍ ሙቀት እስከ ደጋው ብርድ፣ ከአቧራ እስከ ጭቃ የሚያልፍ ነበር። ለዚህ ሞተር የተለመደው ካንዴላ ግን ምንም የተለየ ጌጥ የሌለው ነው፤ ኤን ጂ ኬ የተባለው የጃፓን አምራች ቢ ፒ 6 ኢ ኤስ ብሎ የሚጠራው፣ ክፍተቱ ከ0.8 እስከ 0.9 ሚሊሜትር የሚስተካከል ተራ የኒኬል ካንዴላ።

በቅድሚያ አንድ ሥር የሰደደ እምነት እንፈትሽ፤ «ጥሩ ካንዴላ ጉልበት ይጨምራል» የሚለውን። የዚህ ሞተር አንዱ ሲሊንደር 400 ሲሲ ገደማ ነው። በባሕር ወለል ከፍታ፣ ቤንዚን መስጫው እስከ ወለሉ ተረግጦ ሲሊንደሩ ቢሞላ የሚገባው አየር ግማሽ ግራም አይሞላም፤ ከእሱ ጋር የሚገባው ቤንዚንም ከ30 ሚሊግራም ብዙ አያልፍም። ያቺ ጠብታ ስትቃጠል የምትለቀው ኃይል ግን ወደ 1400 ጁል ይጠጋል። ብልጭታዋስ? የዚያ ዘመን ማቀጣጠያ ለአንድ ብልጭታ የሚሰጠው ኃይል ከጥቂት አሥር ሚሊጁል አያልፍም፤ 50 ሚሊጁል ብንል እንኳ ለጋስ ሆነናል። ስለዚህ ነዳጁ ከብልጭታዋ ከ20,000 እጥፍ በላይ ይበልጣል። ብልጭታ ክብሪት ናት። ምድጃው ውስጥ ያለው እንጨት ያው ከሆነ፣ ውድ ክብሪት ስለጫርንበት ወጡ ቶሎ አይበስልም። «ካንዴላ ቀይሬ መኪናዬ ተለወጠች» የሚል ሰው ግን ዋሽቷል ማለት አይደለም። ያረጀው ካንዴላ አንዳንዴ ሳያቀጣጥል እያለፈ ከነበረ አዲሱ የጠፋውን መልሶለታል። መመለስና መጨመር ይለያያሉ፤ በማስታወቂያ ላይ ግን ሁለቱ አንድ ይሆናሉ።

ብልጭታ ክብሪት ብቻ ከሆነች የካንዴላ ከባዱ ሥራ ምንድን ነው? መኖር ነው። የካንዴላ ጫፍ በየሁለት ዙሩ አንድ ጊዜ እሳት ውስጥ ይገባል። ሞተሩ በደቂቃ 6000 ጊዜ ሲዞር እያንዳንዱ ካንዴላ በሴኮንድ 50 ጊዜ ይፈነጥቃል፤ በመካከሉ ደግሞ ቀዝቃዛ የአየርና የቤንዚን ድብልቅ ይነፍስበታል። በዚህ ግርግር ውስጥ የካንዴላው ነጭ ሸክላ ጫፍ ሙቀቱን በሁለት ድንበሮች መካከል መጠበቅ አለበት። ከ450 እስከ 500 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ካልደረሰ የተቀመጠበትን ጥላሸት አቃጥሎ መጣል አይችልም። ጥላሸት ደግሞ ካርቦን ነው፤ ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል። ስለዚህ ኤሌክትሪኩ ክፍተቱን ዘሎ ከመፈንጠቅ ይልቅ በጥላሸቱ ላይ ሹልክ ብሎ ወደ ብረቱ ይወርዳል፤ ሞተሩም ያነክሳል። በሌላው ጫፍ ሙቀቱ ከ800 ዲግሪ አልፎ ወደ 870 ሲጠጋ ሸክላው ራሱ ፍም ይሆንና ብልጭታው ገና ሳይመጣ ድብልቁን ያቀጣጥላል። ፒስቶኑ ወደ ላይ እየወጣ ሳለ እሳቱ ከላይ ይጠብቀዋል። ከዚህ በኋላ የሚሆነው ፈጣን ነው፤ የፒስቶን አናት የሚቀልጠውና የሚበሳው እንዲህ ባለ ጊዜ ነው። እንጀራ ጋጋሪ ይህን ሚዛን ያውቀዋል፤ ምጣዱ ካልጋለ እንጀራው ይጣበቃል፣ ከልክ በላይ ከጋለ ያርራል። ልዩነቱ፣ ጋጋሪው እሳቱን ይቀንሳል፤ የካንዴላው ግን መጠኑ ፋብሪካ ውስጥ ተቆርጦለት የመጣ ነው።

ይህ መጠን የሚቆረጠው በሸክላው አፍንጫ ርዝመት ነው። ሙቀቱ ከጫፉ ተነስቶ በሸክላው በኩል ወደ ብረቱ አካል፣ ከዚያ በጥርሱና በመቀመጫው በኩል ወደ ቴስታታው፣ በመጨረሻም ወደ ማቀዝቀዣው ውኃ ይሄዳል። አፍንጫው ረጅም ከሆነ መንገዱ ይረዝማል፤ ሙቀቱ ቶሎ አይወጣም፤ ጫፉ ይግላል። ይህ «ሙቅ ካንዴላ» ይባላል። አፍንጫው አጭር ከሆነ ሙቀቱ ቶሎ ይሸሻል፤ ይህ «ቀዝቃዛ ካንዴላ» ይባላል። ስሙ ብዙ ሰው ያሳስታል። ሙቅ ካንዴላ ሞተሩን አያሞቅም፤ ብልጭታውም ከሌላው የበለጠ አይደለም። የራሱን ሙቀት በስስት የሚይዝ ማለት ብቻ ነው። ቀዝቃዛውም ለጋስ ነው እንጂ የሚግል ሞተር አያበርድም። ይህን አንድ ነገር ብቻ የያዘ አድማጭ ካንዴላ ሲገዛ ከሚሳሳተው ስህተት አብዛኛውን አመለጠ ማለት ነው።

አሁን ያን የፊደልና የቁጥር ድርድር መፍታት ይቻላል። በቢ ፒ 6 ኢ ኤስ ውስጥ ቢ የሚለው ጥርሱ 14 ሚሊሜትር ስፋት እንዳለው ይናገራል፤ ፒ ሸክላው ወደ እሳቱ ክፍል ወጣ ያለ መሆኑን፤ 6 የሙቀት ደረጃውን፤ ኢ የጥርሱ ርዝመት 19 ሚሊሜትር መሆኑን፤ ኤስ ደግሞ መሐሉ መዳብ ያለበት መደበኛ ዓይነት መሆኑን። ፒ የምትለዋ ፊደል ቀላል ትመስላለች፤ ግን ብልሃት ያለባት እሷ ናት። ሸክላው ወጣ ሲል በዝግታ ጉዞ ቶሎ ይሞቃል፣ ጥላሸቱን ያቃጥላል፤ በፍጥነት ጉዞ ደግሞ የሚገባው ቀዝቃዛ ድብልቅ እላዩ ላይ ይነፍስና ያበርደዋል። ገበያም የሚሄድ፣ ሳፋሪም የሚሮጥ መኪና የሚፈልገው ይህንን ነው። የጥርሱ ርዝመትም ነገር ቸል አይባልም። 19 ሚሊሜትር በሚፈልግ ቀዳዳ ውስጥ 12.7 ሚሊሜትር የሆነውን አጭር ካንዴላ የከተተ ሰው ብልጭታውን ጉድጓድ ውስጥ ቀበረው፤ ባዶ በቀረው ጥርስ ላይም ካርቦን ይጋገራል፤ ትክክለኛው ካንዴላ በኋላ ሲገባ ያንን እየፋቀ የአሉሚኒየሙን ጥርስ ይዞት ይሄዳል። በተቃራኒው አጭር ለሚፈልግ ቀዳዳ ረጅሙን ያስገባ ሰው ፒስቶኑ መጥቶ እንዲመታው ጋብዟል።

የሙቀት ደረጃው ቁጥር ደግሞ ወጥመድ አለው። በኤን ጂ ኬና በዴንሶ ቁጥሩ ሲጨምር ካንዴላው ይቀዘቅዛል፤ በቦሽና በቻምፒዮን ግን ቁጥሩ ሲጨምር ካንዴላው ይሞቃል። የኤን ጂ ኬ 6 በዴንሶ 20፣ በቦሽ 7፣ በቻምፒዮን 9 ገደማ ነው። ስለዚህ «ትንሽ ቀዝቀዝ ያለ ፈልጌ ቁጥሩን አንድ ከፍ አደረግሁት» የሚል ሰው ከቦሽ ሣጥን ውስጥ አንስቶ ከሆነ የተገላቢጦሹን ሠርቷል። የማመሳከሪያ ሰንጠረዥ ሳይዙ ከአንዱ አምራች ወደ ሌላው መዝለል የማይመከረው ለዚህ ነው።

እዚህ ላይ ጠንካራው ተቃውሞ ይነሳል። የመኪናው መመሪያ መጽሐፍ የተጻፈው ከግማሽ ምዕተ ዓመት በፊት ነው፤ ያኔ ቤንዚኑ እርሳስ ነበረበት፤ ዛሬ የለበትም፤ ታዲያ ያንን የድሮ ቁጥር ለምን እንከተላለን? ጥያቄው ተገቢ ነው። የዓለም የመኪና ቤንዚን ከእርሳስ ሙሉ በሙሉ የጸዳው አልጄሪያ በ2021 መሸጥ ስታቆም ነው። ነገር ግን የሙቀት ደረጃን የሚወስነው ዋናው ነገር እርሳስ አይደለም፤ ሞተሩ ምን ያህል ያምቃል፣ ምን ያህል ነዳጅ ያቃጥላል፣ ቴስታታው እንዴት ይቀዘቅዛል የሚለው ነው። እነዚህ በኤል 24 ላይ አልተለወጡም። የእርሳስ መቅረት ለካንዴላ ጸጋ ነው፤ ሸክላው ላይ ይጋገር የነበረው የእርሳስ ዝቃጭ ቀርቷል። የተለወጠው ንባቡ ነው። የድሮ መጽሐፍ «ቡናማ መሆን አለበት» የሚለው ቀለም ዛሬ ገርጥቶ፣ አንዳንዴም ነጭ ሊጠጋ ምንም ሳይቀረው ሊታይ ይችላል። ስለዚህ የመጽሐፉን ቁጥር ይዘን፣ የመጽሐፉን ቀለም ግን በጥንቃቄ እንይ።

ሁለተኛው ተቃውሞ የኢሪዲየም ወዳጆች ነው፤ ይህኛው ከፊል እውነት ስላለው ቸኩዬ አላልፈውም። ኒኬል በ1455 ዲግሪ ይቀልጣል፤ ኢሪዲየም ግን እስከ 2446 ዲግሪ ይታገሣል። ስለዚህ የመሐሉን ዘንግ እንደ መርፌ ማቅጠን ይቻላል፤ ተራው 2.5 ሚሊሜትር ገደማ ሲሆን የኢሪዲየሙ 0.6፣ በአንዳንዱ ዓይነት 0.4 ሚሊሜትር ብቻ ነው። ኤሌክትሪክ ከሹል ጫፍ ላይ በቀላሉ ይዘላል። ስለዚህ ኢሪዲየም የሚጠይቀው ቮልቴጅ አነስ ይላል፤ ኮይሉ ለደከመ አሮጌ መኪና ይህ እውነተኛ ጥቅም ነው። ዕድሜውም ረጅም ነው። እስከዚህ ድረስ አልከራከርም። የምከራከረው ቀጥሎ ባለው ነው። ካርቡራተር ባለው፣ በቀዝቃዛ ጠዋት ቾክ ተስቦ በሚነሳ፣ የፒስቶኑ ፋሻ ላልቶ ዘይት በሚያሳልፍ ሞተር ውስጥ ካንዴላ የሚሞተው ዘንጉ ተበልቶ አይደለም፤ ቆሽሾ ነው። ለጥላሸት ደግሞ ሁሉም እኩል ነው፤ ሸክላው በውድ ብረት ዙሪያ ሲሆን አይነጻም። ረጅም ዕድሜ የገዛ ሰው የማይጠቀምበትን ዕድሜ ገዛ ማለት ነው፤ በተለይ መኪናው በዓመት ጥቂት ሺህ ኪሎሜትር ብቻ የሚሄድ ከሆነ። አንድ ነገር በጎን ልበል፤ ተራውን ካንዴላ «የመዳብ ካንዴላ» ማለት ተለምዷል። ሲፈነጥቅ የምናየው ጫፍ ግን ኒኬል ነው፤ መዳቡ ከውስጥ ሆኖ ሙቀት ያመላልሳል፤ ኢሪዲየሙም ብዙውን ጊዜ ያው የመዳብ ልብ አለው። ኢሪዲየም የሚገዛ ሰው ደረጃ 6 የሆነውን ይግዛ፣ ሥራውን ይሠራለታል። ደረጃውን ሳያይ ብረቱን ብቻ አይቶ ከገዛ ግን ስለ ክብሪቱ ተጨንቆ ምጣዱን ረስቷል።

የክፍተቱ ነገር ከዚህ ጋር ይያያዛል። ፍሬድሪክ ፓሸን የተባለው ጀርመናዊ የፊዚክስ ሊቅ በ1889 እንዳሳየው በጋዝ ውስጥ ብልጭታ ለማዝለል የሚያስፈልገው ቮልቴጅ በግፊቱና በክፍተቱ ብዜት ላይ ይመረኮዛል። በታመቀ ሲሊንደር ውስጥ ግፊቱ ከፍተኛ ስለሆነ፣ ክፍተቷ በትንሹ ስትሰፋ የሚጠየቀው ቮልቴጅ ያሻቅባል። 240 ዜድ የሚያቀጣጥለው በዲስትሪቢዩተር ውስጥ በሚከፈትና በሚዘጋ የብረት መቆራረጫ ነው። በደቂቃ 6000 ዙር ላይ ስድስቱ ሲሊንደሮች በድምሩ በሴኮንድ 300 ብልጭታ ይጠይቃሉ፤ ይህም ለአንዱ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ 3.3 ሚሊሴኮንድ ብቻ ይደርሰዋል ማለት ነው። ኮይሉ የሚሞላው ከዚያች በተቆረሰች ጊዜ ውስጥ ነው። ስለዚህ «ሰፊ ክፍተት ትልቅ ብልጭታ ይሰጣል» ብሎ 1.1 ሚሊሜትር የከፈተ ሰው መኪናው ቆሞ ሲሠራ ምንም አይታየውም፤ ዳገት ላይ ረግጦ ሲይዘው ነው የሚያነክስበት። ትራንዚስተር ያለበት ጠንካራ ማቀጣጠያ ለገጠመ ሰው ጉዳዩ ይለያል፤ እሱ በልኩ ማስፋት ይችላል። የመጀመሪያውን መቆራረጫ የያዘ ግን 0.8 ላይ ይቆይ።

አሁን ወደ እኛ አገር የሚመጣ ጉዳይ ላንሳ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2400 ሜትር ገደማ ናት፤ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ነው። ካርቡራተር ግን ይህን አያውቅም። ለባሕር ወለል ተለክቶ የተበሳ መርጫ በደጋ ከፍታ ላይ ከሚያስፈልገው ከ10 በመቶ በላይ የሚበልጥ ቤንዚን ያጠጣል፤ ካንዴላው ይጠቁራል። በዚህ ጊዜ የሚሰጠው ምክር «ሙቅ ካንዴላ አስገባበት» የሚል ነው፤ ከ6 ወደ 5። ምክሩ ይሠራል፤ አሳሳችነቱም በመሥራቱ ነው። ጥላሸቱ ይቃጠላል፣ ሞተሩ ይረጋጋል፣ የበዛው ቤንዚን ግን እንደበዛ ነው፤ የሲሊንደሩን ግድግዳ ዘይት እያጠበ፣ ኪስንም እያጠበ ይቀጥላል። ይኸው መኪና አንድ ቀን ወደ አዋሽ ወይም ወደ ጅቡቲ ሲወርድ አየሩ ይወፍራል፣ ሞተሩ ሙሉ ጉልበቱን ያገኛል፣ ሙቀቱ ይጨምራል፤ ያ ሙቅ ካንዴላ ያኔ ነው አደገኛ የሚሆነው። መፍትሔው ከካርቡራተሩ ዘንድ ነው። የ240 ዜድ ካርቡራተር ከሥሩ የሚዞር ማስተካከያ አለው፤ የድብልቁን ቤንዚን ለመቀነስ መፍቻ እንኳ የሚያስፈልገው ለጥቂት ደቂቃ ነው። ሙቅ ካንዴላ ፍጹም አይገባም ለማለት አይደለም፤ ከከተማ ወጥቶ የማያውቅ፣ ዘይት የሚያሳልፍ፣ ባለቤቱም ሞተሩን ለማስፈታት ገንዘብ ገና የሚያጠራቅም ከሆነ አንድ ደረጃ መውረድ ማስታገሻ ነው። ማስታገሻ መሆኑን እያወቁ መዋጥ ነው እንጂ።

የሚቀጥለው ነጥቤ ከዚህ ይወለዳል። ካንዴላ የሞተር ምስክር ነው፤ ምስክር ደግሞ አፉ አይታሰርም። ከአንድ እስከ ስድስት ያሉትን ካንዴላዎች ፈትተን በተራቸው ብንደረድራቸው የሚናገሩት ብዙ ነው። በዚህ መኪና ላይ የፊተኛው ካርቡራተር ከ1 እስከ 3 ያሉትን፣ የኋለኛው ከ4 እስከ 6 ያሉትን ይመግባል። የፊት ሦስቱ ደረቅ ጥላሸት ለብሰው የኋላ ሦስቱ ንጹሕ ከሆኑ ጥፋተኛው የፊተኛው ካርቡራተር ነው። ስድስቱም በአንድነት ከጠቆሩ ከፍታው፣ ቾኩ ወይም የቆሸሸ የአየር ማጣሪያ ይጠየቅ። አንዱ ብቻ እርጥብና ቅባታማ ከሆነ የዚያ ሲሊንደር ፋሻ ወይም የቫልቩ ዘይት መከላከያ አልፎበታል። አንዱ ብቻ ነጭ ሆኖ ጥቃቅን ፍንጥቅጣቂ ከያዘ በአስቸኳይ መቆም ነው፤ የሆነ ቦታ አየር ሾልኮ እየገባ ያንን ሲሊንደር እያቃጠለው ነው። አሁን ሙቅ ካንዴላ የሚያደርገውን ተመልከቱ፤ ስድስቱንም አጥቦ ያነጻቸዋል። ምስክሮቹ ሁሉ «አላየንም» ይላሉ።

በሌላው አቅጣጫ የሚሳሳቱት የውድድር ፍቅር ያላቸው ናቸው። የውድድር መኪና ደረጃ 8 ወይም 9 ከገባበት ለእኔስ ለምን አይገባም ይላሉ። ተወዳዳሪው ሞተሩን ከላይኛው ዙር አያወርድም፤ መጭመቂያው ከፍ ተደርጓል፣ ሙቀቱ የማያቋርጥ ነው፤ ለእሱ ለጋስ ካንዴላ ያስፈልገዋል። መንገድ ላይ ትራፊክ ተሰልፎ የሚጠብቅ መኪና ግን ያንን ካንዴላ 450 ዲግሪ እንኳ አያደርሰውም፤ በጥቂት ቀን ያፍነዋል። መካከለኛው ጉዳይ ይከብዳል፤ ሞተሩ ተሻሽሎ ካምሻፍቱ የተለወጠ፣ በዳገትና በሀይዌይ የሚነዳ ከሆነ ደረጃ 7 መሞከር ምክንያታዊ ነው። በጥርጣሬ ውስጥ ያለ ሰው ወደ ቀዝቃዛው ያዘንብል፤ ቀዝቃዛው ቢሳሳት የሚጠፋው ካንዴላ ነው፣ ሙቁ ቢሳሳት የሚጠፋው ፒስቶን ነው።

ብዙ ጫፍ ስላላቸው ካንዴላዎች ጥቂት ልበል። ብልጭታ በአንድ ጊዜ የምትዘለው ወደ አንዱ ጫፍ ብቻ ነው፤ አራት ጫፍ አራት ብልጭታ አይሰጥም፤ ትርፉ ድካሙን መካፈላቸውና መቆየታቸው ነው። አልፋ ሮሜዮ ለጁሊያ ሞተሮቹ ሎጅ የተባለውን፣ ወርቅማ ቀለም ያለውን ባለ አራት ጫፍ ካንዴላ ይመርጥ ነበር፤ ክፍተቱም አይስተካከልም። ይህ የእኔን ክርክር የሚያፈርስ ይመስላል፤ ግን ያ ካንዴላ ለዚያ ሞተር ተለክቶ የተመረጠ ነው። ከአልፋ ነቅሎ ዳትሰን ላይ መግጠም የወንድምን ጫማ እንደ መጫማት ነው፤ ቁጥሩ ከገጠመ እሰየው፣ ካልገጠመ እግር ያቆስላል።

ሬዲዮ ላይ ሆኜ ይህችን ሳልነግራችሁ ባልፍ ይቆጨኛል። በቢ ፒ እና በ6 መካከል አር የምትል ፊደል የተጨመረበት ካንዴላ በውስጡ 5000 ኦም ገደማ የሆነ መቋቋሚያ አለው። ለምን? እያንዳንዱ ብልጭታ ትንሽ የሬዲዮ ማሠራጫ ስለሆነች ነው፤ ማርኮኒም ገመድ አልባ መልእክት መላክ የጀመረው በብልጭታ ነበር። መቋቋሚያ የሌለው መኪና አጠገባችሁ ሲያልፍ በመካከለኛ ሞገድ የሚሰማው ጣቢያ «ጠጠጠጠ» ይልባችኋል። መቋቋሚያው ጉልበት ይሰርቃል የሚሉ አሉ፤ ብልጭታዋ ክፍተቱን አንዴ ከዘለለች በኋላ ሥራዋ ስላለቀ የጎላ ልዩነት አይታይም። የኤሌክትሮኒክ ማቀጣጠያ የገጠመ ሰው ግን አር ያለበትን ይምረጥ፤ የሞገዱ ጫጫታ የማቀጣጠያውን ሣጥን ሊያውከው ይችላል።

የሐሰት ካንዴላ በገበያ መኖሩ የታወቀ ነው፤ ክርክሬ ትክክል ከሆነም ከሁሉ የሚያስፈራው ይህ ነው። ላዩ ላይ 6 የተጻፈበት የሐሰት ካንዴላ ውስጡ 4 ይሁን 8 ማንም አያውቅም። የሸክላው ጽሑፍ የደበዘዘ፣ የጎኑ ክንድ ከመሐሉ ዘንግ ጫፍ ፊት ለፊት ቀጥ ብሎ ያልተቀመጠ፣ ጥርሱ ሸካራ የሆነ፣ የስድስቱም ክፍተት የተለያየ ከሆነ ርካሽ ዋጋውን ትታችሁ ውጡ።

ሲገጠም ሞተሩ ቀዝቅዞ ይሁን፤ የጋለ አሉሚኒየም ጥርሱን በቀላሉ ይሰጣል። ከመፈታቱ በፊት በየጉድጓዱ ዙሪያ ያለው አቧራ በአየር ይነፋ። አዲሱ በእጅ ብቻ እስከ መጨረሻው ይግባ፤ በእጅ እንቢ ካለ ጠምሟል፣ ወጥቶ እንደገና ይጀመር። ከተቀመጠ በኋላ ማሸጊያ ቀለበቱ እንዲጨፈለቅ በመፍቻ ከግማሽ እስከ ሁለት ሦስተኛ ዙር፤ ቶርክ መለኪያ ያለው ከ25 እስከ 30 ኒውተን ሜትር ያጥብቅ። ጥርሱን ቅባት መቀባት የለመዱ አሉ፤ ቅባት ያለው ጥርስ በተመሳሳይ ጉልበት የበለጠ ስለሚጠብቅ በአሉሚኒየም ላይ መዘዝ አለው። ከዚያ መኪናው ጥቂት መቶ ኪሎሜትር ይነዳ። ለማንበብ ሲፈለግ፣ ዳገት ላይ ጫን ተብሎ ሲሄድ ማርሹን ነጻ አድርጎ ሞተሩን እዚያው ማጥፋትና መንገድ ዳር መቆም ነው፤ ቤት ደርሶ ሦስት ደቂቃ ቆሞ የሠራ ሞተር ምስክሮቹን በአዲስ ጥላሸት ይሸፍናቸዋል። ሞተሩ ሲበርድ ስድስቱም ይፈቱ፤ ከ1 እስከ 6 ቁጥር በተጻፈበት እንጨት ላይ በተራቸው ይቀመጡ፤ ደመና በሌለበት የቀን ብርሃን ይታዩ።